የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ምግብ ቤት

ይርገዱ ገሰሰ ምግብ ማብሰል የጀመረችው ድስት ለመፈተሽ ነበር። እናቷ ዕንቁ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቷ ገሰሰ ደግሞ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ባለእጅ ነበር። ቤታቸው ከወረታ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ፣ የፎገራ ሜዳ አልቆ ዳገቱ በሚጀምርበት ላይ፣ ከሌሎች ስድስት የባለእጅ ቤቶች ጋር ተጠጋግቶ የቆመ ነው።

ዕንቁ ከእሳት የወጣ ድስት ሳይሞከር ገበያ እንዲወርድ አትፈቅድም። የሚያንጠባጥብ ድስት ሸጣ የሰው ስድብ ከምትሰማ እቤቷ ቢሰበር ትመርጣለች። ስለዚህ ልጇ ስምንት ዓመት ሲሞላት የመፈተሹን ሥራ ለእርሷ ሰጠቻት። ይርገዱ አዲሱን ድስት በኑግ ታሟሻለች፤ ከዚያ ውኃና እፍኝ ስባሪ ሩዝ ጨምራ ትጥዳለች። ስባሪ ሩዝ ወረታ ካሉት መፈልፈያዎች በድስት ተለውጦ የሚመጣ፣ ከሰው ይልቅ ለዶሮ የሚታሰብ ነገር ነበር። ድስቱ ካላንጠባጠበ ይሸጣል። ሩዙን ቤተሰቡ ይበላዋል።

በሳምንት አሥራ አምስትም ሃያም ድስት ይፈተሻል። ያንኑ ሩዝ እየደጋገመች መብላት የሰለቻት ልጅ ታዲያ መቀያየር ጀመረች። አንዱን በነጭ ሽንኩርት፣ አንዱን በጥቁር አዝሙድ፣ አንዱን ከጓሮ በተቀነጠሰ ጎመን። አንገቱ ጠበብ ያለው ድስት ሩዙን አፍኖ እንደሚያለሰልሰው፣ አፈ ሰፊው ዳርና ዳሩን ቅርፊት እንደሚያስይዘው፣ ወፍራሙ ከእሳት ከወረደ በኋላም ማብሰሉን እንደማይተው ያወቀችው ያኔ ነው። ማንም አላስተማራትም። እናቷ እንኳ ድስቱን እንድታይ እንጂ ስለ ሩዙ ማንም እንዳልጠየቃት ትነግራት ነበር።

የአካባቢው ሰው የዕንቁን ድስት ይወዳል። ገበያ ላይ በጣቱ አንኳኩቶ፣ ድምፁን አዳምጦ፣ የዕንቁ መሆኑን ሲያውቅ ብዙም ሳይከራከር ይገዛል። ሩዙን የሚያጭደው በገሰሰ ማጭድ ነው፤ ወጡን የሚሠራው በዕንቁ ድስት ነው። ከእነርሱ እጅ ግን አይበላም። ባለእጅ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል፣ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ወሬ አለ። ድግስ ሲኖር ገሰሰና ዕንቁ ይጠራሉ። የሚቀመጡት ግን ከዳሱ ውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። የጠጡበትን ዋንጫ ሌላ ሰው አይነካውም።

አምስተኛ ክፍል ሳለች ይርገዱ በትንሽ ድስት ሩዝ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቀምሳ ወደደችው፤ ሁለቱ ተካፍለው ጨረሱት። በማግስቱ የልጅቱ እናት መጣች። አልተቆጣችም፤ ይርገዱንም ቀና ብላ አላየቻትም። ልጇን ወደ ቧንቧው ወስዳ አፏን ሦስት ጊዜ አስጉመጠመጠቻትና ሌላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ይርገዱ ያን ቀን አለቀሰች። ማታ ግን ተኝታ ስታስበው አንድ ነገር አጽናናት። ልጅቱ ሩዙን ወዳው ነበር። ይህን እናቷ በውኃ ልታወጣው አትችልም።

አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ወረታ ወረደች። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ሾፌር ያርፍባታል፤ ሩዝ ይፈለፈልባታል፤ ይጫንባታል። ሥራ አላጣችም። ወይዘሮ አምሳል የሚባሉ መልካም ስም ያላቸው ሴት ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው። ሰሐን አጣቢ አድርገው ቀጠሯት። የማን ልጅ እንደሆነች ሲጠይቋት የገሰሰ ልጅ ነኝ አለቻቸው። አልዋሸችም። ገሰሰ የሚባል ሰው በፎገራ ሞልቷል፤ ወይዘሮ አምሳልም ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

አንድ ዓመት ሰሐን አጠበች። ሰሐን ማጠብ ደግሞ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት ቤት ነው። ሰው ምን ጨርሶ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያስተርፍ፣ የትኛውን ወጥ በእንጀራ ጠርጎ የትኛውን ዳር ገፍቶ እንደሚተው ከአጣቢዋ በላይ የሚያውቅ የለም። ወጥ ሠሪዋ ለወንድሟ ተዝካር አገሯ በሄደችበት ሳምንት ይርገዱ ምድጃው ፊት ቆመች። ሽሮውን አቅጥና እሳቱ ላይ አቆየችው፤ አምባዛ ዓሣውን ከመጥበሷ በፊት በሎሚና በነጭ ሽንኩርት አሳደረችው። በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪና ሾፌሮች ወጥ ቤቱ በር ድረስ መጥተው ማን እንደሠራው ጠየቁ። ወጥ ሠሪዋ ከአገሯ ሳትመለስ ቀረች፤ ቦታው የይርገዱ ሆነ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ወይዘሮ አምሳል አዲስ ምጣድም አዲስ ምድጃም አስገቡ። በሥራዋ ኮሩባት፤ ለበዓል ቀሚስ አለበሷት። ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን ሩዝ ሊሸጥ የመጣ ደሳለው የሚባል ገበሬ ምሳ ሲበላ፣ በወጥ ቤቱ በር አሻግሮ አያት። የእነ ዕንቁ አገር ሰው ነው። እጁን ከሰሐኑ አነሣ። ከአጠገቡ ላለው በሹክሹክታ ነገረው፤ ያም ለሌላው። ጩኸት አልነበረም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው፣ ሰሐናቸውን እንደተሞላ ትተው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወጡ።

ወይዘሮ አምሳል ማታውኑ ወደ ጓዳ ጠሯት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለማባረር የመረጡት ቃል እንኳ ለስላሳ ነበር። እርሷን ጠልተው እንዳልሆነ፣ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ እንደሆነ፣ ሌላ ከተማ ብትሄድ ማንም እንደማያውቃት ነገሯት። ይርገዱ ሽርጧን ፈታ አጠፈችው።

«እትዬ አምሳል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ በልቶ ማን ታመመ?»

መልስ ሳትጠብቅ ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ያኔ ሐሙሲት አካባቢ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበር። መቶ አርባ ሠራተኛ ይኖርበታል፤ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ የፎገራን ወሬ የሚያውቅ ብዙም የለበትም። ይርገዱ በሽንኩርት ከታፊነት ገብታ በሰባት ወር የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆነች። ለመቶ አርባ ሰው ማብሰል ለአሥር ሰው ማብሰልን አሥራ አራት ጊዜ ማብዛት እንዳልሆነ የገባት እዚያ ነው። ጨው እንደ ድስቱ መጠን አያድግም፤ በርበሬ ይቀድማል፤ ሩዝ ደግሞ በትልቅ ብረት ድስት ከታች አርሮ ከላይ ጥሬ ይሆናል። ይህን ሁሉ እያበላሸች ተማረችው። ሦስት ጊዜ ያረረ ሩዝ አውጥታ ሦስቱንም ጊዜ ራሷ ይቅርታ ጠየቀች።

ከጅግጅጋ በኩል የመጣ የገልባጭ መኪና ሾፌር የእርሱ አገር ሩዝ ፍሬው ከፍሬው እንደሚለያይ፣ የፎገራው ግን እንደሚያያዝ እየነገረ ይቀልድባት ነበር። ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት እንዲበስል አሳያት። እርሷም እንዳላት አደረገች፤ ሩዙ ግን መያያዙን አልተወም። አንድ ወር ሙሉ ከሩዙ ጋር ስትታገል ከረመች። በመጨረሻ አንድ ነገር ታያት። የፎገራ ሩዝ መያያዝ ጠባዩ ነው። በሬን ላም ሁን ብሎ መደብደብ ጥቅም የለውም። የሚያያዝ ሩዝ የሚፈልገው የሚይዘው ነገር ነው፤ ወፈር ያለ መረቅ፣ ቅቤ፣ ወይም በጾም ቀን ሱፍ። ሱፉን አመስ አድርጋ፣ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ አጠለለችና ሩዙን በዚያ ነጭ ውኃ አበሰለችው። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል አደረገችበት። ዓርብ ቀን ለምሳ አቀረበችው። ያ ሾፌር ሁለት ጊዜ አስጨመረ፤ ከዚያ በኋላ መቀለዱን ተወ።

ካምፑ ሥራውን ጨርሶ ሲነሣ ይርገዱ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አለቆቹ ወደሚቀጥለው ቦታ አብራቸው እንድትሄድ ጠየቋት። ደመወዙ ጥሩ ነበር። እርሷ ግን ወረታ ተመለሰች። ለምን እንደተመለሰች የጠየቋት ብዙ ናቸው። ለሁሉም የምትሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሩዙ ያለው እዚያ ነው።

ሰውመሆን የሚባል የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ከመፈልፈያው ጎን ባዶ የቆርቆሮ ቤት ነበረው። ጸጥተኛ፣ ልብሱ ሁልጊዜ ገለባ የለበሰ ሰው ነው። ቤቱን አከራያት። ከእናቷ ዘንድ ስምንት ትላልቅ ድስት አስመጣች፤ ወንበሩን ከአናጢ ገዛች። የቀረው ስሙ ነበር። ሰዓሊው ሰማያዊ ቀለሙን በጥብጦ ምን እንደሚጽፍ ሲጠይቃት፣ «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ምግብ ቤት» ብሎ እንዲጽፍ ነገረችው። ሰዓሊው ቡርሹን ይዞ ቆመ፤ ሰውመሆንን አየው። ሰውመሆን ወደ ጎን ወሰዳትና በለሆሳስ መከራት። ይህ ከተማ ትንሽ ነው፤ ሌላ ስም ይሻልሻል፤ የቅዱስ ስም ወይም የወንዝ ስም አውጪለት አላት።

«ተደብቄ አየሁት» አለችው ይርገዱ። «ያስባረረኝ መደበቄ ነው። አሁን የሚመጣ አውቆ ይምጣ፤ የሚቀርም አውቆ ይቅር።»

ሰዓሊው ጻፈ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አልነበሩም። የሚበሉላት ከሩቅ የመጡ ጫኝና አውራጆች፣ ሾፌሮችና ለሩዝ ግዢ የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። የአገሩ ሰው በበሩ ሲያልፍ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አንብቦ ይሄዳል። ነገር ግን የምግቡ ሽታ ከመንገዱ ማዶ ይደርሳል፤ ሽታ ደግሞ የዘር ሐረግ አይጠይቅም። ጥቂት ቆይቶ ጫኞቹ በልተው ሲወጡ ምግብ ከሰው ቤት ባመጡት ባለክዳን ሳህን አስቋጥረው መሄድ ጀመሩ። ለማን እንደሚወስዱ አይናገሩም። ይርገዱ ግን ሳህኖቹን ታውቃቸው ነበር። አበባ ያለበት የፋርማሲው ባለቤት ነው፤ ክዳኑ የተሰበረው የመምህሩ ነው። ሳህኖቹን አጥባ፣ ከሌላው ትንሽ ጨመር አድርጋ ሞልታ ትመልሳለች። አንድም ቀን ለማንም አልተናገረችም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ፍልሰታ ጾም በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። ፎገራ ጎርፍ ይለምዳል፤ ክረምት ሲመጣ ውኃው ሜዳውን ማልበሱ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ዓመት ግን ቤት ገባ። ገበሬው ልጁን በትከሻው፣ ከብቱን በፊቱ አድርጎ ወደ ከተማ ወጣ፤ ትምህርት ቤቱ በሰው ሞላ። ወረታን ከጎንደርም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ታቦርም የሚያገናኘው መንገድ ተቆረጠ። አሥራ ሁለት አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ወረታ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ቀን የከተማው ምግብ ቤቶች ጤፍ ጨረሱ፤ መኪና ስለማይገባ የሚተካው የለም። ሩዝ ግን ሞልቷል። የሰውመሆን መጋዘን ብቻ እስከ ጣሪያው ነበር። ሌሎቹ ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ መጋገር ነው የሚያውቁት፤ ጤፉ ሲያልቅ እጃቸውን አጣጠፉ።

ይርገዱ አላጣጠፈችም። ስምንቱን ድስት ጣደች፤ ሰውመሆን መጋዘኑን ከፈተላት፤ እናቷ በጎርፉ መካከል በዳገቱ በኩል ዞራ፣ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ተጨማሪ አሥር ድስት ተካፍላ በጀርባዋ ተሸክማ መጣች። የከተማው አስተዳደር እንጨትና ሱፍ አቀረበ። ሐሙሲት ላይ ለመቶ አርባ ሰው ያበሰለች ሴት አሁን ለዘጠኝ መቶ ማብሰል ነበረባት። ሱፍ የሚወቅጡትን፣ ሩዝ የሚያጥቡትን፣ እሳት የሚጠብቁትን ከፋፍላ አሰለፈቻቸው። ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት መነሣት፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት የመጀመሪያውን ዙር ማውጣት። ማንም ከማንም ጋር ሲጋጭ አልታየም። ያን ሰሞን አብረዋት የሠሩ ሴቶች እስካሁን የሚያወሩት ስለ ጩኸቷ ሳይሆን ስለ ዝምታዋ ነው፤ በጣቷ ጠቁማ፣ በዓይኗ አይታ ሥራው ይሄድ ነበር ይላሉ።

ተሳፋሪው በላ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ዕንቁንም ልጇንም ያውቃሉ። ድስቱ ሲደርስ ሕፃናቱ ተነሡ፤ ትልልቆቹ ግን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ይርገዱ ጭልፋውን ይዛ ቆመች። ልትለምናቸው አልፈለገችም፤ ልትቆጣቸውም አልፈለገችም።

መምሬ ገብረማርያም ከዚያው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው በውኃ ተከቦ፣ ታቦቱን ወደ ከተማው ደብር አስገብተው፣ ቀድሰው መመለሳቸው ነው። ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በምርኩዛቸው እየተደገፉ ከድስቱ አጠገብ ደረሱ።

«የጾም ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የጾም ነው አባ። ሩዝ በሱፍ ነው» አለች ይርገዱ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት ጨመረች። «ያበሰልኩት እኔ ነኝ፤ የሸክላ ሠሪዋ የዕንቁ ልጅ። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

መምሬ ገብረማርያም ጥቂት አዩዋት።

«ዕንቁን አውቃታለሁ፤ የቤቴ ጋን የእርሷ ነው» አሉ። «በይ ቅጂልኝ ልጄ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።»

ባርከው በሉ። ስብከት አልሰበኩም፤ ዙሪያቸውንም አላዩም። በልተው ሲጨርሱ ሰሐኑን መልሰው ዘረጉና ትንሽ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ፤ ሌላም ተነሣ። ሰልፉ እስከ ትምህርት ቤቱ ግንብ ደረሰ። ሁሉም ግን አልበላም። ሦስት ቤተሰብ እስከ መጨረሻው ቆሎ ቆርጥመው አደሩ፤ ይርገዱም ቆሎ ላከችላቸው። በመጨረሻው ላይ ሁለት ልጆቹን ይዞ የቆመው ደሳለው ነበር። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እርሷ ከሰዉ ሁሉ እኩል ቀዳችለት። ይህን ጉዳይ አንስቶ የጠየቃት ሰው ሲኖር፣ ልጆቹ እርቧቸው ነበር ብላ ታልፋለች።

ውኃው በአሥራ አንደኛው ቀን ሸሸ። መስከረም ሲጠባ በቆርቆሮው ቤት ወንበር ጠፋ። አበባ ያለበት ሳህን ባለቤት ራሱ በእግሩ መጥቶ ተቀመጠ።

ይሁን እንጂ ለይርገዱ ትልቁ ነገር ገና ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ ወይዘሮ አምሳል ወደ ቤቷ መጡ። ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አርጅተዋል፤ ምግብ ቤታቸውም እንደድሮው አልነበረም። ልጃቸው አያልነህ በጥር ሊያገባ ነው፤ አራት መቶ እንግዳ ተጠርቷል፤ ድግሱን ይርገዱ እንድትሠራላቸው ይፈልጋሉ። ያለፈውን አንስተው ይቅርታ ለማለት ጀመሩ፤ ቃሉ ከአፋቸው በደንብ አልወጣም። ይርገዱ አላስጨነቀቻቸውም። እሠራለሁ አለች። በገንዘቡ እንደማይጣሉ ነገረቻቸው። አንድ ነገር ግን እንደምትፈልግ አልደበቀችም።

«አባቴ አልፏል፤ እናቴ ትጠራ። ከአጥር ጥግ አይደለም፤ ዳሱ ውስጥ፣ ከእንግዶችዎ ጋር ትቀመጥ።»

ወይዘሮ አምሳል ዘመዶቻቸውን እንደምታውቅ አስታወሷት። ሽማግሌዎች አሉ፤ የሙሽራዋ ወገኖች አሉ፤ ሰርግ ላይ ነገር ቢበላሽ የሚበላሸው የልጃቸው ቀን ነው። ይርገዱ አዳመጠች። አሰላስለው እንዲመለሱ፣ እምቢ ቢሉም እንደማትቀየማቸው ነገረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ እሺ አሉ።

ከወይዘሮ አምሳል ይልቅ ያስቸገረችው ዕንቁ ነበረች። ነገሩን ስትሰማ ጭቃ የምታቦካበትን እጇን አላነሣችም። ከአጥር ጥግ መብላት አርባ ዓመት እንደለመደችው፣ አሁን በስተርጅና ዳስ መካከል ገብቶ የሰው ዓይን ማረፊያ መሆን እንደሚከብዳት ተናገረች።

«ይክበድሽ» አለቻት ልጇ። «ለአንድ ቀን ይክበድሽ፣ እማ። ከዚያ በኋላ የሚከብደው ለእነርሱ ነው።»

ዕንቁ ሄደች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የዳሱ መካከለኛ መደዳ ላይ ተቀመጠች። ይርገዱ ከወጥ ቤቱ ድንኳን ሆና እያየች ነበር። የቀረበው ቅቤ የጠጣ የፎገራ ሩዝ በበግ ሥጋ ነው፤ በእያንዳንዱ ትሪ መካከል በሸክላ ድስት እንደበሰለ ቀረበ። ከዕንቁ አጠገብ የነበሩ ሁለት ሴቶች ተነሥተው ቦታ ቀየሩ። ትሪው ከፊቷ ተቀምጧል፤ አብሯት የሚበላ የለም። ዕንቁ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ይርገዱ እግሯ ወደ ዳሱ ሊሄድ ሲል ወይዘሮ አምሳል ከሙሽሮቹ ዘንድ ተነሡ። እንግዳ ሲያስተናግዱ የዋሉ ሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት ዳሱን ሰንጥቀው መጡና ከዕንቁ ጎን ተቀመጡ። እጃቸውን ሰደዱ፤ ከአንዱ ትሪ መብላት ጀመሩ። ከዚያ ጠቅልለው ለዕንቁ አጎረሷት። ዕንቁም መልሳ አጎረሰቻቸው።

ይርገዱ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ዳሱ ውስጥ ቀድመው ቦታ ከቀየሩት ሁለት ሴቶች ሌላ የተነሣ አልነበረም። ሥራ ስለነበረባት ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም፤ በኋላም ጊዜ ስታገኝ አላስፈለጋትም።

ከዚያ ጥር ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የሥራ ታሪክ ነው። ሰርግና ተዝካር፣ ምረቃና ስብሰባ፣ ከአንበሳሜ እስከ ሐሙሲት ይጠሯታል። ዛሬ አሥራ አራት ሠራተኞች አሏት፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ሙያ ሊማሩ ከባለእጅ ልጅ ዘንድ መጥተዋል። ሰውመሆንን ያገባችው በጎርፉ ማግስት ዓመት ነው። ቤተሰቦቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ የልጃቸውን ልጅ ሲያቅፉ ተዉት።

ሁሉ ነገር ግን አልሰመረላትም። ባሕር ዳር ሁለተኛ ቤት ከፍታ በአምስተኛ ወሩ ዘግታለች። ለእያንዳንዱ ተመጋቢ በየራሱ ትንሽ ድስት ሩዝ ማቅረብ ነበር ሐሳቧ። ቤቱ አምሮ ነበር፤ ሰውም መጥቶ ነበር። የከተማው ወጥ ቤት ግን በጋዝ ነው የሚሠራው፤ የጋዝ እሳት ደግሞ ድስቱን አንድ ቦታ ላይ እየወጋ ሰነጠቀው። በቀን አሥርም አሥራ ሁለትም ድስት እየተሰበረ፣ መረቁ ምድጃው ላይ እየፈሰሰ፣ ምግብ እየዘገየ ሰዉ ሸሸ። ይርገዱ ይህን ስታወራ ትስቃለች። ከእናቷ ዘንድ ሄዳ ስብርባሪውን ከፊቷ ዘረገፈች። ዕንቁ ገሉን አገላብጣ አየችው፤ ጭቃው ለእንጨት እሳት የተቦካ መሆኑን ተናገረች። አሮጌ ገል አድቅቃ፣ ነፍታ፣ ከጭቃው ጋር እያበዛች ትሞክር ጀመር። ስምንት ወር ፈጀ። አሁን ያለው ትንሽ ድስት ጋዝም ኤሌክትሪክም ይችላል፤ ሰባቱም የመንደሩ የባለእጅ ቤት እርሱን ይሠራል፤ የጎንደር ሆቴሎችም ያዝዛሉ።

ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ሆቴሎች አንዱ ዋና ምግብ አብሳይ አድርጎ ሊቀጥራት ሰው ልኮ ነበር። የተላከው ሰው የምስክር ወረቀቷን ጠየቃት። የለኝም አለችው። የት እንደተማረች ጠየቃት። መልሱ ረጅም ስለሆነ ምሳ አቀረበችለት። ከበላ በኋላ ወረቀቱን አላነሣም። እርሷ ግን አልሄደችም፤ ይልቅ የሆቴሉን ሁለት አብሳዮች ለአንድ ወር እንዲልክላት ተስማሙ። መጥተው ተምረው ሄዱ።

አሁን ከአውራ ጎዳናው ዳር መሬት ገዝታ ትልቅ ቤት እያሠራች ነው። ከግንበኛው አለቃ ጋር የተከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። እርሱ ባወጣው ንድፍ ወጥ ቤቱ ከኋላ ነበር። ይርገዱ ወደ ፊት አምጣው አለችው፤ መንገደኛው ሁሉ እንዲያይ በትልቅ መስታወት። ግንበኛው በሠላሳ ዓመት ሥራው ወጥ ቤት ከፊት ሠርቶ እንደማያውቅ፣ ጭሱም ሽንኩርቱም የሰው ዓይን ውስጥ እንደሚገባ አስረዳት።

«እኔን እያዩ ነው የሚበሉት» አለች።

ንድፉ ተቀየረ። ግድግዳው አሁን መስኮት ደርሷል። ሲሚንቶ ካልዘገየ ለጥምቀት ይደርሳል ይላሉ፤ ይርገዱ ግን ለመስታወቱ ፍሬም ብረቱን ዛሬ ልታመጣ ጠዋት ባሕር ዳር ወርዳለች።